የቮልሷ መሪ

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲሄዱ፣ ከጅማ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ነገሳ ቱፋ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ ይኸውም መሪ ነው። ሞተር የሚያወርዱ፣ ፍሬን የሚያስተካክሉ፣ ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች በዚያ መንገድ ዳር ሞልተዋል። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትትበት ወይም መሪው እንደ ላላ የበር እጀታ ባዶውን የሚዞርበት ሾፌር ግን ከተጂም ይምጣ ከፉሪ፣ በመጨረሻ የሚያንኳኳው የነገሳን በር ነው።

ነገሳ ሁለት ደንቦች አሉት። አንደኛው፣ አዲሱ በእጅ ሳይገባ አሮጌውን አለማውረድ ነው። መለዋወጫው ሳይገኝ የሰው መኪና ፈትቶ የሚዘረጋ መካኒክ፣ በእሱ አስተያየት፣ ጎጆ ሳይቀልስ ቤቱን ከሚያፈርስ ሰው አይሻልም። ሁለተኛው፣ መሪው ጠማማ ሆኖ መኪና ከግቢው እንዲወጣ አለመፍቀዱ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ የመሪው ክንዶች ወደ ጎን ያዘነበሉ እንደሆነ፣ ሌላው መካኒክ «ምን ቸገረህ» ብሎ ያሰናብታል። ነገሳ ግን ዳዶውን እንደገና ይፈታል፤ መሪውን ነቅሎ፣ ጥርሱን ቆጥሮ፣ አቅንቶ ይመልሳል። በጋራዡ አብራው የምትሠራው ሚስቱ ገለቴ እንደምትለው፣ ለጠማማ መሪ ያለው ትዕግሥት ለጠማማ ሰው ካለው ያንሳል።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ወር ግን መሪ የሚለው ቃል ራሱ ከበደ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው መሪ ዕቅድ፣ ሕዝቡ ማስተር ፕላን የሚለው፣ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ የገበሬውን እንቅልፍ ነሥቶ ነበር። መሬቴ ይወሰዳል ከሚለው ሥጋት ተቃውሞ፣ ከተቃውሞውም ተኩስ ተወለደ። ልጆቻቸው ወጥተው የቀሩባቸው ቤቶች ነበሩ። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፤ ይከፈታል፤ ደግሞ ይዘጋል። በታክሲ ውስጥ ሰው ስለ ብርዱ እንኳ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ወይዘሮ ኡሙልኸይር አሮጌ ሰማያዊ ቮልሳቸውን ነድተው ወደ ነገሳ ግቢ የገቡት በዚህ ሰሞን ነው። ከመርካቶ አካባቢ ተነሥተው ፉሪ ላይ ቤት ሠርተው የገቡ፣ ባላቸው አቶ ሐሰን ከሞቱ ወዲህ መኪናዋን ራሳቸው የሚነዱ ሴት ናቸው።

«ኦቦ ነገሳ፣ ይህቺን አሮጊት ለእሑድ ጠዋት እፈልጋታለሁ» አሉት።

«ልትዳር ነው?»

«ልትድር ነው። መኪያን ትጭንልኛለች።»

ነገሩን በአጭሩ አስረዱት። ልጃቸው መኪያ ቡራዩ ላሉ ሰዎች ተድራለች። አቶ ሐሰን በሕይወት ሳሉ «ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በዚህች ቮልስ ነው» ብለው ነበር፤ ቃሉ ለቤተሰቡ እንደ ኑዛዜ ቀርቷል። ሌላም ምክንያት ነበራቸው። የሰርግ መኪና የሚያከራዩት ሁሉ መስተዋታችን ይሰበራል ብለው ስልክ ማንሣት ትተዋል። ቮልሷ ካልደረሰች ሙሽራይቱን ቡራዩ የሚያደርስ የለም።

ነገሳ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዞረው። የፊት ጎማዎቹ አልሰሙም።

«እትዬ፣ እስከዚህ በምን ነው የነዱት?»

«በዱዓ።»

«ዱዓዎ ደርሷል፤ የመሪው ሳጥን ግን አልቋል።»

ሳጥን የሚሉት በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለውን፣ የእጅን ዙር ለጎማ የሚያስተላልፈውን ጥርሳም ብረት የያዘ ዕቃ ነው። የቮልሷ ጥርሶች እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ሆነዋል። ነገሳ ለሚያውቃቸው ሁሉ ደወለ። ዓርብ ዕለት ከሱሉልታ መልስ መጣ፤ አሮጌ ብረት የሚሸጠው ተክሉ፣ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ሞተር አልባ ቮልስ አለኝ አለው።

ነገሳ ቅዳሜ ማለዳ ሱሉልታ ነበር። ሯጮች በሜዳው ላይ ሲያልፉ፣ እሱ ከሞተችው ቮልስ ሥር በጀርባው ተኝቶ ዘንጉን ከነሳጥኑ ፈታ። አውጥቶ በእጁ አዞረው። ባዶ ዙር የለውም፤ ገና ከመነካቱ ሌላው ጫፍ ይመልሳል። ደስታው እንደ ልጅ አደረገው።

«ተክሉ፣ ይህ ብረት አልሞተም እኮ» አለ።

«የሞተው ባለቤቱ ነው» አለ ተክሉ።

ነገሳ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ መካከሉን ፈለገ፤ መካከሉን ሲያገኝ በጠመኔ ምልክት አደረገበት፤ እንዳይዞርም በሽቦ አሰረው። የመሪ ሥራ ሁሉ መሠረቱ ይህ መካከል ነው። ከዚያም በጆንያ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ጆንያውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመ።

ጊዜ ለማትረፍ ስልኩን አወጣ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር የሚናገረው በጩኸት ነው። ቮልሷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ በደንቡ መሠረት፣ አልተፈታችም።

«ገለቴ፣ አዲሱ መሪ እጄ ገብቷል። አሮጌውን አውርጂው።»

ከፊቱ የነበሩት ተሳፋሪዎች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«አዎ፣ አሁኑኑ። እምቢ ካለ በመዶሻ ነዋ። ይህን ያህል ዘመን ተጣብቆ የኖረ በልመና የሚለቅ ይመስልሻል?»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

«ላምባ አፍስሺበትና ጥቂት ቆዪ፤ ካልሆነ እሳት አሳዪው። ብቻሽን አትታገዪ፤ ከጎረቤት ወጣቶቹን ጥሪ። ዋናው ነገር እሑድ ሕዝቡ ከመሰብሰቡ በፊት አዲሱ ቦታውን መያዝ አለበት።»

ስልኩን ሲዘጋ ከኋላ መቀመጫ አንድ ወጣት አይዞህ እንደማለት ትከሻውን ቀስ ብሎ መታ አደረገው። ከጎኑ የተቀመጡት በቀለች የተባሉ ባልቴት ግን ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት።

«ወንድሜ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አሉት።

«እግዜር ያሳድግልዎት፤ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላልክ። እኔም ምንም አልሰማሁ።»

ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ቁልቁለት ሳይጀመር ኬላ ላይ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ነበር። ተሳፋሪው እንዲወርድ ታዘዘ። ኮት የለበሰ አንድ ሰው ቀድሞ ወርዶ በፈታሾቹ አለቃ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለ። አለቃው ዮፍታሔ የሚባል ወጣት ሳጅን ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ነገሳ መጣ።

«ጆንያው ውስጥ ምን አለ?»

«መሪ።»

«ትቀልዳለህ?»

«የምን ቀልድ? ተሸክሜው ወገቤ ተቆረጠ።»

ሳጅኑ የጆንያውን አፍ ከፈት ሲያደርግ ረጅሙ የብረት ቱቦ ብቅ አለ፤ ሁለት ፖሊሶች ጠጋ አሉ።

«ስልክ ላይ አሮጌው ይውረድ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ላምባ አፍስሺበት፣ እሳት አሳዪው ብለሃል?»

«ከዛገ ምን ላድርገው?»

«ወጣቶቹን ጥሪ፣ ሕዝቡ ከመሰብሰቡ በፊት አዲሱ ቦታውን ይያዝ ብለሃል?»

ያን ጊዜ ነገሳ የተናገረውን ሁሉ በሌላ ሰው ጆሮ ሰማው። የመጣለት ፍርሃት ግን ስለ ራሱ ብቻ አልነበረም። በደንቡ መሠረት አዲሱ እጁ ስለገባ አሮጌው በዚያች ሰዓት እየወረደ ነው፤ እሱ እዚህ ከታሰረ ግን አዲሱ አይደርስም። ቮልሷ ያለ መሪ፣ ሙሽራይቱም ያለ መኪና መቅረታቸው ነው።

«ጌታዬ፣ የመኪና መሪ ነው። እኔ መካኒክ ነኝ» አለ።

«የደወልክላትን ሴት ደውልላት። ድምፁን ከፍ አድርገው። አንተ ግን አትናገር።»

ስልኩ ገና ሳይጠራ ተነሣ። የገለቴ ድምፅ ኬላውን ሞላው።

«ያ ነገሳ፣ ቡኤራ! ቡኤራ!»

«ምን ማለት ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ወርዷል ነው» አለ ከኋላ መቀመጫ የነበረው ወጣት፤ ለመተርጎም የቸኮለ ይመስላል።

ገለቴ አላቆመችም። «አሮጌው ወረደልህ! አንገቱን ይዘን ነው የነቀልነው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ያጨበጭባል። አንተ የት ደረስክ? አዲሱን ቶሎ አምጣው እንጂ፣ ያለ መሪ እስከ መቼ እንቆያለን?»

ከተሳፋሪው መካከል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ነገሳ ዓይኑን ጨፈነ።

«የምን መሪ ነው?» አለ ሳጅኑ በስልኩ።

«አንተ ደግሞ ማነህ? መሪ ስንት ዓይነት አለ?»

በስልኩ ውስጥ መንሾካሾክ ተሰማ። ሥራውን ሊያዩ የመጡት ወይዘሮ ኡሙልኸይር ስልኩን ከገለቴ እጅ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ስምህ ማነው?»

«ሳጅን ዮፍታሔ ነኝ።»

«ዮፍታሔ፣ እናትህ ልጅ ድረዋል?»

ሳጅኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «እህቴን ድረዋል።»

«በምን ሸኟት?»

«በበቅሎ። አገራችን መኪና አይገባም።»

«መልካም። የእኔ በቅሎ ቮልስ ናት፤ ነገ ልጄን ትጭናለች። ልጓሟ ግን አንተ እጅ ገብቷል። በቅሎ ያለ ልጓም ሙሽራ ይዛ ትሄዳለች?»

«አትሄድም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ላክልኝ።»

ሳጅኑ ስልኩን ለነገሳ መለሰ። ፊቱ ፈታ ቢልም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ በዓይኑ ሳያይ አላለፈውም። ጆንያውን አስፈታ፤ ነገሳም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳጥኑን በጉልበቶቹ መካከል ያዘ። ሳጅኑ ሽቦውን ፈትቶ ዘንጉን ሲያዞረው ከታች ያለው የብረት ክንድ ወደ ቀኝ ሄደ፤ መልሶ ሲያዞረው ወደ ግራ። ሳጅኑ ሳይወደው አልቀረም፣ ደጋግሞ አዞረው። ነገሳ በጠመኔ ያሰመረው መካከል በወጣቱ ጣቶች ሥር ሲጠፋ በዓይኑ አየ።

«ኦቦ ነገሳ» አለ ሳጅኑ ዕቃውን ሲመልስለት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእኛም መሪ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።» በእጁ ያመለከተው መንገድ ዳር የቆመችውን ፒክ አፕ ነበር።

ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«ስለ እናንተ መሪ እኔ አስተያየት የለኝም» አለ ነገሳ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ማንም አልሳቀም። ኬላው ከዓይን ሲሰወር ግን ሳቁ ፈነዳ፤ ወይዘሮ በቀለች ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው፣ እንባቸውን እየጠረጉ «የእኔን ቤት እንዲህ የሚያቃና መካኒክ የት ነበርክ?» አሉት። ኮት የለበሰው ሰው ብቻ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከት ነበር።

ታክሲ ለዋውጦ ከዓለም ገና ሲያልፍ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀው። ነገሳ ወርዶ ጆንያውን በትከሻው አነሣ፤ በቤቶች ጀርባ፣ በገብስ ክምር መካከል፣ ላቡን እየጠረገ አቋረጠ። ድካም አልተሰማውም። ግቢው ሲደርስ የቮልሷ አፍንጫ ተከፍቶ፣ አሮጌው ሳጥን በጋዜጣ ላይ ተጋድሞ፣ ገለቴም እስከ ክርኗ ግራሶ ለብሳ አገኛት።

«መጣህ?»

«ለጥቂት አመለጥኩ።»

«የእኔ አፍ ነው አይደል?»

«የሁለታችንም ነው። ዳዶውን አቀብዪኝ።»

እሑድ ጠዋት የቀረው የጎማው ነገር ነበር። ነገሳ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው የኋላውንም የፊቱንም ጎማ እኩል እንዲነካ፣ ገለቴ ከመኪናው ሥር ሆና በጎማዎቹ መካከል ያለውን ዘንግ ጥቂት በጥቂት ታዞራለች። «በቃ» ሲላት ታቆማለች፤ «ጢቆ» ሲላት እንደ ቃሉ ትንሽ ትጨምራለች። ሲባጎው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አራት ቦታ ነካ። ነገሳ መኪናዋን አስነሥቶ መንገዱ ላይ እጁን ለቀቀ። ቮልሷ እንደ ተወረወረ ጦር ቀጥ ብላ ሄደች። ገለቴ መንገድ ዳር ቆማ በመፍቻ በርሜል ደበደበች።

ነገሳ ግን ወደ መሪው ሲያይ ደስታው ተቋረጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ መሪው ወደ ግራ ያያል። የሳጅኑ እጅ ካጠፋው በኋላ በዓይን የገመተው መካከል በአንድ ጥርስ ተዛንፏል።

ዳዶውን ሊፈታ መፍቻ ሲያነሣ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ከነጥልፍ ቀሚሳቸው በሩ ላይ ደረሱ። ከፉሪ የመጣችው ሙሽራ መኪያ በቀይ ሻሽ ተሸፍና፣ ሚዜዋ ራዲያ ደግሞ አበባ ታቅፋ ከኋላቸው ቆመዋል። እልልታው ከአጥሩ ውጭ ነው።

«መንገዱ አሁን ክፍት ነው፤ ከቀትር በኋላ አይታወቅም ብለውኛል። እንሂድ» አሉ።

«እትዬ፣ ለጥቂት ይታገሡኝ። መሪው ጠማማ ነው።»

«መኪናይቱ ቀጥ ብላ ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች።»

«እንግዲያው መሪው ወደፈለገበት ይመልከት።»

ነገሳ በሕይወቱ ጠማማ መሪ ከዚያ ግቢ አላስወጣም። ወደ ገለቴ ተመለከተ፤ ገለቴ የሰርግ ኮቱን አምጥታ አለበሰችው፤ መፍቻውንም በኮቱ ኪስ ከተተችለት። «አብረህ ሂድና እዚያ አቅናው» አለችው። ስለዚህ መካኒኩ ከነመፍቻው ከመኪናዋ ባለቤት ጎን ተቀመጠ፤ ሙሽራይቱና ሚዜዋ ከኋላ።

እንደ ኑዛዜው መጀመሪያ ፉሪ ከቤቱ ደጅ ተነሥታ፣ በአየር ጤና፣ በዊንጌት፣ በአስኮ በኩል ቮልሷ እየዘመረች ሄደች። ወይዘሮ ኡሙልኸይር መሪውን ባዞሩ ቁጥር ጎማው ወዲያው ይሰማቸዋል፤ እንዲህ ያለ ታዛዥነት አቶ ሐሰን አዲስ ሆነው ካገቧቸው ዘመን ወዲህ አላየሁም አሉ። መኪያ ከሻሿ ሥር ሳቀች። ቡራዩ ሲቃረቡ ግን መንገዱ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች ተበታትነው ነበር። ወጣቶች ከግራና ከቀኝ ቆመዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«ሙሽራ ናት?»

«ናት፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮዋ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ድንጋዩን ግን አናነሣም፤ ሌላው ሁሉ አብሮ ያልፋል። ካለፋችሁ እለፉ።»

በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለጋሪ እንጂ ለመኪና የተተወ አይመስልም፤ እንደ እባብ መጠማዘዝ ይጠይቃል። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ጀመሩ፤ መጀመሪያው ድንጋይ ጋ ግን መሪውን አይተው ደነገጡ፤ መሪው ወደ ግራ ስለሚያይ መኪናይቱ ወደ ግራ የምትሄድ መሰላቸው።

«እትዬ፣ መሪውን አይዩት» አለ ነገሳ። «መሪው ይዋሻል፤ ጎማው አይዋሽም። መንገዱን ብቻ ይዩ።»

ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ቮልሷ በአንዱ ድንጋይ ቀኝ፣ በሌላው ግራ ገባች፤ የጎማው ጠርዝ አንዱን ድንጋይ ሊልሰው ምንም አልቀረውም። ወጣቶቹ መጀመሪያ ቆመው ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ያፏጩ ጀመር። የመጨረሻውን ድንጋይ ስታልፍ «ጃባዳ፣ አዴ! በርቱ፣ እናታችን!» እያሉ ከኋላዋ ሮጡ።

«እማ፣ አሁን ተንፍሺ» አለች መኪያ።

ሙሽራይቱ ወርዳ እልልታው ወደ ድንኳኑ ሲገባ ነገሳ ብቻውን ቮልሷ ዘንድ ቀረ። ኮቱን አውልቆ በበሩ ላይ ሰቀለ፤ መፍቻውን አወጣ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ውኃና ማስታጠቢያ ይዘው ሊጠሩት መጡ።

«ምግቡ ቀርቦ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«መሪውን ላቃና ነው፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከቱ፤ ሄደው የግቢውን በር ዘጉ፤ ተመልሰውም «ድምፅህን ቀንስና አቅናው» አሉት።

ነገሳ ዳዶውን ፈታ፤ መሪውን ነቀለ፤ አንድ ጥርስ ወደ ቀኝ አሳልፎ መለሰው። ዳዶውን አጥብቆ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጠ። ሁለቱ ክንዶች እኩል ተጋድመዋል። ከዚያም እጁን በሽማግሌው ውኃ ታጥቦ ወደ ድንኳኑ ገባ።